የምስጋናው ቀኝ ዓይን

ሱቃችንን በከፈትንበት በዚያ ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። ምስጋናው፣ የወይራ መስቀል ጠራቢው፤ ቤቱን የተከራየነው በእሱ ስም ነው። የሺ፣ ባና ከሚባለው የበግ ፀጉር ልብስ ቦርሳ የምትሰፋው። እማማ ጥሩ፣ የምስጋናው እናት፤ ድፎ ዳቦ ተሸክመው ዳገቱን የወጡት። ቄስ ፈንታው፣ ጠበል ሊረጩልን የመጡት፤ እርሳቸው ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይስላሉ። አያ ሞላ፣ የቤቱ ባለቤት፤ በሩ ላይ ቆመው «ግድግዳዬን በሚስማር እንዳትበሱት» ሲሉ የዋሉት። ቢራራ፣ ባለባጃጁ፤ እንጨታችንን ሁሉ በነጻ ያመላለሰልን። ስማቸውን ያልጠየቅናቸው ባልና ሚስት ፈረንጆች፣ በሩ ክፍት ስለነበረ የገቡ። እና እኔ፣ ታፔላ ጸሐፊው። ሌላ ሰው አልነበረም። ሲያልፍ አንገቱን ብቅ አድርጎ አይቶ የሄደውን አልቆጥርም።

ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ስለ ድሮ ልጻፍ ሲል ያስቅ ይሆናል። ግን በላሊበላ ያለፉት ጥቂት ዓመታት ርዝመታቸው ሌላ ነው። መጀመሪያ በሽታው መጣና እንግዳው ቀረ። ቀጥሎ ሌላው መጣና መንገዱ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩ ዝም አለ። ስለዚያ የሚያውቁት ይጽፉታል። እኔ የማውቀው ሱቅ ነው። ሥራዬ በቆርቆሮና በእንጨት ላይ የሱቅ ስም መጻፍ ስለሆነ፣ ከተማዋ ስትዘጋ ከሁሉ ቀድሜ ሥራ ፈታሁ፤ ስትከፈት ደግሞ ከሁሉ ቀድሜ ሰማሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ቀና ይላል። እንግዳው ገና እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን የከተማው ልጆች አልጠበቁትም፤ ሱቅ ከፍተዋል። ከቅዳሜ ገበያ ቁልቁል በሚወስደው የድንጋይ ንጣፍ ጥግ፣ ድሮ የአስጎብኚዎች ቢሮ በነበረች ጠባብ ክፍል፣ አንዲት ልጅ የላስታን ነጭ ማር በትንንሽ ብርጭቆ ትሸጣለች። በየብርጭቆው ላይ ማሩ የተቆረጠበትን ቀበሌና የባለቀፎውን ስም እኔ ነኝ የምጽፍላት። ከእሷ ፊት ለፊት ሁለት ወንድማማቾች፣ እንግዶች በየሆቴሉ ጥለዋቸው የሄዱትን መጻሕፍት ሰብስበው ያከራያሉ፤ ግማሹ በማናነበው ቋንቋ ነው፣ ሰው ግን ለሥዕሉ ይከራየዋል። ከባጃጅ ማቆሚያው በላይ አንድ ብራና ፋቂ ቆዳውን መንገድ ዳር ወጥሮ ይሠራል፤ የፈለገ ቆሞ ያያል፣ የፈለገ ተቀምጦ ይሞክራል። ሰው ይገባል፣ «ይኼ ደግሞ መቼ ተከፈተ?» ይላል፣ ይደሰታል። እኔም ደስ ይለኛል። ግን በገባሁበት ሁሉ ከአዲሱ ቀለም ሥር ያለውን ነው የማየው፦ የማን ጠረጴዛ እዚህ ጋ እንደነበረ፣ በዚያኛው መዝጊያ ላይ ማን ተደግፎ ያፏጭ እንደነበረ። ስለዚህ ታፔላዬን ሰቅዬ ቶሎ እወጣለሁ።

የእኛ ቤት ከእነዚህ ሁሉ በፊት ነበር። ክብ ነው፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ በቀዩ ድንጋይ የተሠራ፤ ደረጃው በውጭ በኩል ይዞራል። ታችኛው ክፍል የአያ ሞላ በጎች የሚያድሩበት ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ በውኃና በአመድ አጠብነው፣ ሽታው ግን በዝናብ ጊዜ እየተመለሰ ይጠይቀን ነበር። ላይኛው መሥሪያችን ሆነ። ብርሃን የሚገባው በአንዲት መስኮት ብቻ ስለሆነ መስኮቷ ለምስጋናው ተሰጠች፤ የእሱ ሥራ ከሁላችንም ይጠባል። እኔ በግራው፣ አንድ ክንድ ራቅ ብዬ። የሺ ከኋላችን፣ በእግር ከምትረገጠው የስፌት መኪናዋ ጋር። ቀኝ ጎኑ መስኮትና ግድግዳ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቦታ ተቀመጥን፤ ማንም ቦታ አልቀየረም።

ያኔ ሽሮ በአሥራ አምስት ብር፣ ባጃጅ ከገበያ እስከ ሆቴሎቹ በአምስት ብር፣ ደህና የብርጭቆ ወረቀት በስምንት ብር ነበር። ምስጋናው አንዷን የብርጭቆ ወረቀት ልሙጥ እስክትሆን ይፈገፍግባታል፤ ከዚያም ለመጨረሻው ማለስለሻ ከአዲሷ ይልቅ እሷ ትሻላለች ብሎ ያስቀምጣታል። አረንጓዴ ሹራብ ነበረችው፤ ክርኗን የሺ በባና ቁራጭ ጥፋለታለች። እግሩ ላይ ክረምት ከበጋ ኮንጎ ጫማ ነው። የቢራራ ባጃጅ ውስጥ ያለችው ፍላሽ አሥራ አንድ ዘፈን ብቻ ነበራት፤ በቤታችን ሥር ባለፈ ቁጥር ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ምስጋናው ቀና ሳይል ይናገራል። «አምስተኛው ነው፤ ጭነት የለውም ማለት ነው፣ አሁን ይመጣል።» ይመጣል። እኔን ደግሞ «ጸሐፌ ትእዛዝ» ይለኝ ነበር፤ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ በራሴ የተማርኩ መሆኔን እያወቀ። አልተቀየምኩትም። አሁን ያንን ስም የሚጠራኝ የሺ ብቻ ናት።

ሥዕሉን የሣልኩት ከመክፈቻው ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ሁላችንንም በየሥራችን ላይ እያለን በግድግዳው ዙሪያ ልስል ነበር ሐሳቤ፤ የደረስኩት ግን ምስጋናው ላይ ብቻ ነው። ከወገቡ በላይ፣ መሮውን እንደያዘ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከግራ ጎኑ። ማለትም አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ዓይን ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ሁልጊዜ ወደ እኛ ዞሮ፣ በሁለት ዓይኑ ያየናል። በጎኑ የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው፣ ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው፤ በሰማዕታት ላይ ሰይፍ የሚመዝዘው ወታደር ነው። ይህን ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅሁት፤ በላሊበላ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እያወቅሁ ነው እንግዲህ የሣልኩት። አንድ እንግዳ ሆቴል ትቶት በሄደ መጽሐፍ ውስጥ በጎን የተሣሉ ሰዎች አይቼ ነበርና «ዘመናዊው እንዲህ ነው» እያልኩ ነገርኳቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሁለት ዓይን እኩል አድርጎ መሣል አልችልም ነበር። አንዱ ሁልጊዜ ከፍ ይልብኛል። ባለመቻሌ አፍሬ ነው ሰውዬውን በጎኑ ያዞርኩት።

በመክፈቻው ቀን ቄስ ፈንታው ጠበሉን እየረጩ ዞሩና ሥዕሉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼ ማነው?»

«ምስጋናው ነው፣ አባ» አልኩ።

«ምን አደረገህ?»

«እንዴት፣ አባ?»

«ምን ቢበድልህ ነው አንድ ዓይን የሰጠኸው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አያ ሞላ እንኳ ሚስማሩን ረስተው ሳቁ። ምስጋናው «ምሳውን በልቼበት ነው፣ አባ» አለ። ፈረንጆቹ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አብረው ሳቁና ምስጋናውን ከሥዕሉ ጋር አቁመው ደጋግመው አነሱት። ያልሳቁት እማማ ጥሩ ብቻ ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሥዕሉን ብዙ አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማቸው፣ «ሌላው ዓይኑ በኋላ ይጨመራል?» አሉኝ።

«ይጨመራል፣ እማማ» አልኳቸው። ዳቦ እየጎረስኩ ነው ያልኳቸው።

ሁለት ዓመት ሊሞላን ሲል እንግዳው ቀረ። ቤቱን ለጥቂት ወራት ለራሳችን ያህል ከፍተን ተቀመጥን፤ ምስጋናው የሚገዛው የሌለ መስቀል እየጠረበ መደርደሪያውን ሞላው። የሺ ወደ ዘመዶቿ ወደ ደሴ ሄደች። በመጨረሻው ክፉ ጊዜ፣ ጨውና ዘይት ከከተማው ሲጠፋ፣ ምስጋናው ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆኖ በእግሩ ወደ ተከዜ ቆላ ወረደ። «በሳምንት እመለሳለሁ» አለ። የሄዱት ተመለሱ፤ እሱን ንዳድ ይዞት፣ መድኃኒት ሳያገኙለት፣ እዚያው ቆላ ውስጥ ቀብረውት ነው የመጡት። መርዶውን ለእማማ ጥሩ ሲነግሩ እኔም ቆሜ ነበር። ስለዚያ ጠዋት ሌላ ነገር አልጽፍም።

ስልኩ አብሮት ሄዶ ቀረ። የእኔ በዚያው ሰሞን ተወሰደብኝ፤ የየሺ ደሴ ላይ ተሰበረ። መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ነበር። እማማ ጥሩ ያላቸው ፎቶ ሙጃ ከተማ ይኖሩ ሳለ፣ ምስጋናው አንደኛ ክፍል ሲገባ የተነሳው ነው፤ ጉንጩ የሞላ፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ሁለቱንም የጨፈነ ልጅ። ሰው በየቀኑ ፎቶ የሚነሳባት ከተማ ናት ይቺ። የምስጋናው ፊት በስንቱ እንግዳ ስልክ ውስጥ አገር ላገር ይዞር ይሆናል። እናቱ ጋ ግን የለም።

ባለፈው ኅዳር የሺ ተመለሰች። ያንኑ ቤት ከአያ ሞላ ተከራየች። ከላይ ቦርሳዎቿን ትሰፋለች፤ ታች ማር ሻጯ ልጅና ብራና ፋቂው ዕቃቸውን ያስቀምጣሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የፈለገ ሰው መጥቶ ሥራ የሚማርበት ስፍራ አደርገዋለሁ ትላለች። ታፔላውን እንድጽፍላት ጠራችኝ። ደረጃውን ስወጣ የኖራና የወይራ ፍቅፋቂ ሽታ ተቀበለኝ፤ መሮ የነካው ወይራ ከዚያ ቤት ከጠፋ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ግን ሸተተኝ። አያ ሞላ የገብስ ጎተራ አስደግፈውበት ስለነበር ግድግዳው አልተነካም። ጎተራውን ስንገፋው ምስጋናው ከነመሮው ብቅ አለ። አረንጓዴው ሹራብ እንኳ አልደበዘዘም።

የሺ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ይኼን ኖራ የሚቀባው ሰው እጁ ይሰበር» አለች።

ወሬው እማማ ጥሩ ዘንድ በሁለት ቀን ደረሰ። መጡ፤ ደረጃው ላይ ቆሙ፤ አልገቡም።

«ግቡ እንጂ፣ እማማ» አለቻቸው የሺ።

«እሱ ሳይዞርልኝ አልገባም። ከይሁዳ ጋር እንደቆመ ነው?»

መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። እሳቸው ግን እየተቆጡ አልነበረም።

«ልጄ፣ አንተን ለመውቀስ አይደለም የመጣሁት። ዘንድሮ ፋሲካ ሲያልፍ ቆብ ልጭን ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ካሉት እናቶች ጋር ነው የምቀመጠው። ቆብ ሲጫን ፍትሐት ይፈታል፤ እንደሞተ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ልጅ የለኝም። ልጅ እያለኝ ልየው።»

ያን ዕለት ማታ ሳይሆን ያንኑ ሰዓት ነው ወረቀት ያወጣሁት። አሁን ሁለት ዓይን እኩል መሣል እችላለሁ፤ እነዚያ ባዶ ዓመታት ሌላ ምንም ባያስተምሩኝ ይህን አስተምረውኛል። የግራውን ፊት ከግድግዳው ቀዳሁ። ቀኙን ለማውጣት ግራውን ገልብጬ አጠገቡ አደረግሁት፤ ቅንድብ በቅንድብ፣ ጉንጭ በጉንጭ፣ በማስመሪያ ለክቼ። ንጹሕ ሥራ ነበር። በሳምንቱ ለእማማ ጥሩ ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፣ መልሰው አዩት።

«መልከ መልካም ነው» አሉ። «ወንድሙን ይመስላል። እኔ ግን አንድ ነው የወለድኩት።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የሰው ቀኙ ከግራው አይቀዳም። የምስጋናውን ቀኝ ደግሞ አላውቀውም። ሁለት ዓመት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ፣ የጆሮውን ጫፍ፣ የግራ አፍንጫው ሥር ያለችውን ነጥብ፣ ሲያስብ ግራ ጉንጩን ከውስጥ እንዴት እንደሚነክስ አውቃለሁ። ቀኙ ለመስኮቱ ነበር። ፊት ለፊት አላየሁትም ማለቴ አይደለም፤ ስንበላ፣ ስንሄድ፣ ስንሳሳቅ አይቼዋለሁ። ግን ሲስቅ ሳቁን እንጂ ፊቱን ማን ይመዘግባል?

ከየሺ ጋር ተቀምጠን ያለንን አዋጣን። እኔ «የቀኙ ጠበብ ይላል፤ ሲጠርብ እሱን ነው የሚጨፍነው» አልኩ።

«ተው እባክህ፣ የቀኙማ ነው የሚሰፋው» አለች። «ለደንበኛ በሰቀልናት መስተዋት ውስጥ ስንቴ አይቼዋለሁ።»

«በመስተዋት ከሆነማ ቀኝ ያልሽው ግራው ይሆናል።»

በእጇ አየር ላይ እያዞረች ሞከረችው። «አላውቅም» አለች መጨረሻ ላይ፣ እንባዋ መጣ። «እሺ፣ ጠባሳውስ? ጠባሳው ቀኝ ነው፤ እሱን አትክደኝም።»

ጠባሳው እውነት ነው። አንድ ክረምት መሮው ከወይራው አንጓ ላይ አፈትልኮ ቀኝ ቅንድቡን መታው። እኔ ያን ቀን ሙጃ ታፔላ ልሰቅል ሄጄ ነበር፤ የሺም ገበያ ነበረች። ሦስት ቦታ ተሰፍቶ መጣ። እናቱ እንዳያዩ፣ ከሻረ በኋላም ሳይቀር፣ የሱፍ ቆብ እስከ ዓይኑ አውርዶ ነበር የሚሄድ፤ እኛም ምለንለት አልተናገርንም። አሁን እማማ ጥሩን ስለ ቅንድቡ ስንጠይቃቸው «ጠባሳ? የልጄ ፊትማ እንደ መስተዋት ነው» አሉን። የሺ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። የድሮ መሐላችንን ጠበቅን። ያለ ጠባሳው ብሥለው እሳቸው የሚያውቁትን ልጅ እሥላለሁ፤ ከነጠባሳው ብሥለው በመጨረሻ የነበረውን። ይህን ለመወሰን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከነጠባሳው እሥለዋለሁ። እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ግን የተደበቀባቸው ይበቃል።

ቄስ ፈንታው ጋም ሄድኩ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አይሥሉም።

«ምን አስጨነቀህ?» አሉኝ። «ቅዱሳኑን አይተናቸው ነው የምንሥላቸው? ሁለት ዓይን ስጠውና ተወው።»

«የቅዱሳኑ እናት መጥታ "አይደለም" አትለኝም፣ አባ።»

ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና «ያን ቀን ባልቀለድኩ» አሉ። መስቀል አሳልመውኝ ወጣሁ።

አሁን የደረስኩበት ይህ ነው። የድሮውን ሥዕል አላጠፋሁትም። አጠገቡ አዲስ ኖራ ቀብቼ፣ ምስጋናውን ፊቱን ወደ በሩ አዙሬ ጀምሬዋለሁ፤ ደረጃውን የሚወጣ ሰው ፊት ለፊት እንዲያየው። ፀጉሩ አልቋል፣ ሹራቡ አልቋል፣ ግራ ፊቱ አልቋል። ቀኙ ነጭ ኖራ ነው። ወደ የሺ ሱቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ «አዲስ ዓይነት አሣሣል ነው?» ይለኛል፤ አንዱ እንዲያውም እንዲህ ቢቀር ያምራል ብሎ መከረኝ። እማማ ጥሩ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ደረጃው ሥር ቆመው «ዞረ?» ይላሉ። «እየዞረ ነው፣ እማማ» እላለሁ። ጾሙ ገብቷል።

ስለዚህ ነው ይህን የምጽፈው፤ ያን ቀን የነበራችሁትን ለመጠየቅ። አያ ሞላን በቃል ጠይቄያቸዋለሁ፤ የሚያስታውሱት ግድግዳውን ነው። እነዚያ ባልና ሚስት ይህን ቋንቋ አያነቡም፤ የሚያነብላቸው የሚያውቅ ካለ፣ ባልየው ረጅም፣ ቀይ ጢም ያለው፣ ሚስትየው ክንዷ በፋሻ የታሰረ ነበረች በሉልኝ። ከእኛ መስቀል የገዛችሁ፣ ምስጋናው ፊት ለፊት ቆማችሁ የተከራከራችሁ፣ እናንተም ጻፉልኝ። ሲስቅ ቀኝ ዓይኑ ከግራው ቀድሞ ይጨፈን ነበር? ሽፋሽፍቱ እንደ ግራው ረጅም ነበር? ከጉንጩ በላይ፣ ከዓይኑ ሥር፣ አንዳች ነገር ነበረበት?

ቢራራ፣ አንተን ለብቻህ ነው የምጠይቅህ። ወልድያ ነህ ይሉኛል። መሮው የመታው ቀን ጤና ጣቢያ ያደረስከው አንተ ነህ፤ ደሙን በእጅህ ያበስክለት አንተ ነህ፤ ያን ቀን ፊቱን ካንተ የቀረበ ያየው ሰው የለም። ጠባሳው ቅንድቡን ከሁለት ከፍሎት ነበር፣ ወይስ ከላይ ነው የቆመው? እርግጠኛ ካልሆንክም የመሰለህን በል። ሁለት ሰው አንድ ነገር ካለኝ እሥለዋለሁ። ፋሲካ ሳያልፍ።